የፍሪጁ በር

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከአራተኛው ፎቅ ላይ፣
የስምንት ሴቶች መኝታ፣ ተደራርቦ እላይ በእላይ፣
አንድ ፍሪጅ አለን፣ በሩ የላላበት፣
በየመደርደሪያው ስማችን ያለበት።
የኔ ቦታ በሩ ነው፣ የእንቁላሉ ጉድጓድ፣
መርፌዬን የማኖርበት፣ ሙቀት እንዳይነካው ነሐሴ ሲነድ።
ስኳር አለብኝ እኔ።
ይህን ስናገር ማንም አላፈረም በኔ።

አንሻ የከሚሴዋ፣ አልጋዋ ከአልጋዬ በላይ፣
ሳቋ ቀድሟት የሚገባ፣ እሷ ገና ደረጃው ላይ፤
ሽባ እመቤት ታነሳለች፣ ከአልጋ ወንበር፣ ከወንበር አልጋ፣
ክረምት በሌለበት አገር፣ ሁለት ክረምት ሁለት በጋ።
አንድ ቀን ወገቧ ቀጭ! አለ፣ እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆመች፤
የወጥ ቤት ጓደኛዋ አንዲት ነጭ ኪኒን ሰጠች።
ሕመሙ ሄደ። ከሕመሙ ጋር ሌላም ሄደ፤
ናፍቆቱ፣ የእናቷ ሞት፣ የደላላው ዕዳ ከደረቷ ወረደ።
«እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም» አለችኝ ያን ማታ፣
እግሯን ከአልጋዋ ጫፍ እያወዛወዘች፣ እንደ ልጅ፣ በደስታ።

አንዱ ሁለት ሆነ። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ቁጥር አጣ።
ደመወዝ በወጣ በሳምንቱ ብድር መጣ።
ደስታው ያለቀው ቀደም ብሎ ነው። ኋላ፣ ኋላ፣
የምትውጠው ለመቆም ያህል ነበር እንጂ አይደለም ለሌላ።

እኔ ምን አደረግሁ?
ኪኒኗን ከሩዝ ጆንያ ውስጥ ደበቅሁ።
«በእናትሽ መቃብር ማዪ» አልኳት፤ ማለች።
በሦስተኛው ሌሊት አገኘኋት፣ ሩዙን ወለል ላይ ዘርግፋ ትለቅማለች።
መታኋት። እውነቱን ልጻፍ፣ በጥፊ መታኋት።
«ሱሰኛ» አልኳት።
ወንድሟም ከከሚሴ በስልክ ያንኑ ቃል ደገመ፣
«ስማችንን አታንሺ» ብሎ ዘጋ፤ ስልኩ ከጆሮዋ ሳይወርድ ከረመ።
«ብትቆርጥ ትተወው ነበር» አልኩ።
ቆሽቴን አንድ ቀን ተቆጥቼው የማላውቅ እኔ፣ ይህን አልኩ።

ነሐሴ ነው። ከውጪ አየሩ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ይጫናል፣
ከውስጥ አንሻ ትንቀጠቀጣለች፣ ላቧ ፍራሹን አልፎ ከኔ ትራስ ይንጠባጠባል።
«ብርድ፣ ብርድ» ትላለች፣ ኤሲው ጠፍቶ ሳለ፣
እግሯ ራሱን ይወረውራል፣ አጥንቷን ከውስጥ የሚያኝክ ነገር እንዳለ።
«ሐኪም ቤት» ስል ስድስቱ ተያዩ በጨለማ፤
«ፖሊስ ቢጠሩስ?» አለች አንዷ፣ ቀስ ብላ፣ ግድግዳው እንዳይሰማ።
የታክሲው ሾፌር በመስታወት አየን፣ ዝም ብሎ ነዳ፤
ድርሃም ስዘረጋለት «አላህ ያሽራት» አለ። ይኸው እስከ ዛሬ አለብኝ የሱ ዕዳ።

ሲስተር ሊሲ የምትባል የኬረላ ልጅ ካርድ አወጣች፤
ስም፣ ዕድሜ፣ ክብደት እያለች ከአንድ መስመር ላይ ደረሰች።
ያንን መስመር አውቀዋለሁ። «የበሽታው ስም» ይላል፤
ከስድስት ዓመት በፊት የኔ ስኳር እዚያው ላይ ተጽፏል።
«ነውር» ብላ ትጽፋለች ብዬ ስጠብቅ፣ ወይም «ወንጀል»፣
የሕመም ስም ጻፈች። ልክ እንደ ኩላሊት፣ እንደ ስኳር፣ እንደ ሳል።
«አንጎሏ ተምሮታል» አለችኝ፣ የሷም ዓረብኛ እንደ እኔው የተሰባበረ ነው፤
«የተማረ ሥጋ በስድብ አይረሳም። ጊዜ ነው፣ መድኃኒት ነው፣ ሰው ነው።»
አንሻ ዓይኗን ገለጠች። «ሰደበችኝ?» አለች፣ ቀስ ብላ።
«የለም። ታማለች ነው ያለችው።»
እንደዚያ ስታለቅስ አላየኋትም፣ ከዚያ በፊትም፣ ከዚያም ኋላ።

ዳነች ብዬ አልጨርስም፤ ውሸት ይሆንብኛል።
በጥቅምት አንዴ ወድቃለች። የኔም ስኳር በሠርግ ኬክ ይወጣል።
ያኔ አልመታኋትም። ጫማዬን አጠለቅሁ፣ ዓርብ እስኪደርስ ሳልጠብቅ፣
አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆምን፣ ሁለታችንም በወበቅ ስንጠመቅ።

አሁን የሷም ከረጢት በሩ ላይ ነው፣ ከኔ መርፌ አጠገብ፣
«አንሻ» ተብሎ በፕላስተር ላይ፣ ለሁሉም እንዲነበብ።
ሲስተር ሊሲ ነግራታለች፦ «ይሄ ቅዝቃዜ አያሻውም፣
ሻንጣሽ ውስጥም ብታኖሪው አይበላሽም።»
«አውቃለሁ» ትላለች።
በሩን በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ትዘጋለች፤
የላላ ነውና ይከፈታል፤ እንደገና ትዘጋለች።